1963፦ ከዳላስ በፊት የነበሩት ወራት

አሜሪካውያን 1963ን ሲያነሱ አስቀድሞ የሚመጣላቸው አንድ ቀን ነው፤ ኖቬምበር 22፣ ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ዳላስ ከተማ ውስጥ የተገደሉበት። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነበር፤ ጥይቱ ሲተኮስ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 3፡30 ሆኗል። ከዚያ በኋላ የመጣው መልካም ነገር ሁሉ፣ በተለይም በ1964 የጸደቀው የሲቪል መብቶች ሕግ፣ ከዚህ ሞት እንደተገኘ ተደርጎ ሲነገር ኖሯል። እኔ በዚህ አነጋገር አልስማማም። ዓመቱን ከጃንዋሪ ጀምሮ ወር በወር ለሚከተል ሰው፣ ትልልቆቹ ለውጦች ፕሬዚዳንቱ ከመሞታቸው በፊት ተጀምረው ነበር፤ የጀመሯቸውም በአብዛኛው ሹመትም ሥልጣንም ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው። የኬኔዲ ሞት ያገኘው በጉዞ ላይ ያለን ነገር ነው። ይህን ለማሳየት ዓመቱን እንደ መዝገብ ሳይሆን እንደ ሰንሰለት ማንበብ ያስፈልጋል። ቀኖቹን የማስቀምጠው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዓመቱ የገባው በአንድ ትልቅ መታሰቢያ ነበር። አብርሃም ሊንከን ባመፁት የደቡብ ግዛቶች ያሉ ባሪያዎች ነፃ መሆናቸውን ያወጁት ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ስለነበር አዋጁ ልክ 100 ዓመት ሞላው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 14፣ ጆርጅ ዋላስ የአላባማ አገረ ገዥ ሆኖ በሞንትጎመሪ ቃለ መሐላ ፈጸመ። የቆመበትን ቦታ አስቦበት ነው የመረጠው፤ በ1861 የተገንጣዮቹ መሪ ጄፈርሰን ዴቪስ የማለበትን ስፍራ። እዚያ ቆሞም ነጭና ጥቁር ተለያይተው መኖራቸው መቼም እንደማይቀር ለደጋፊዎቹ ቃል ገባ። ዋላስ ሥልጣን የያዘው በጉልበት አልነበረም፤ በሰፊ የድምፅ ብልጫ ተመርጦ ነው። በአላባማ የሚኖሩ ጥቁሮች አብዛኞቹ በመራጭነት እንዳይመዘገቡ ስለተከለከሉ በዚያ ምርጫ ድምፃቸው አልተቆጠረም። የዓመቱ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፦ የምርጫ ካርድ የሌለው ሰው መንግሥትን ምን አድርጎ ያስገድዳል?

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከፍሎሪዳ እስር ቤት ነው፤ ያመጣውም ሰው ነጭ ነበር። ክላረንስ ኧርል ጊዲዮን ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲንከራተት የኖረ፣ ከዚያ በፊትም በስርቆት የታሰረ ድሃ ነው። በ1961 ፓናማ ሲቲ በምትባል የፍሎሪዳ ከተማ አንድ የፑል ቤት ሰብሮ ገብቶ ከማሽኖቹ ሳንቲም፣ ከመደርደሪያውም መጠጥ ወስዷል ተብሎ ተከሰሰ። ችሎት ፊት ሲቀርብ ጠበቃ መቅጠሪያ ገንዘብ እንደሌለው ተናግሮ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ እንዲያቆምለት ጠየቀ። ዳኛው በግዛቲቱ ሕግ ጠበቃ የሚቆመው የሞት ፍርድ ለሚያሰጋው ተከሳሽ ብቻ ነው ብለው ጥያቄውን አልተቀበሉትም። ጊዲዮን ራሱ ምስክር ጠየቀ፣ ራሱ ተከራከረ፣ ተፈረደበት፤ 5 ዓመት። እስር ቤት ሆኖ በእስረኞች ወረቀት ላይ በእርሳስ አቤቱታ ጽፎ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ላከ። የፊደል ግድፈት የሞላበት ጽሑፍ ነው፤ ሐሳቡ ግን የጠራ ነበር፦ ጠበቃ የሌለው ድሃ ሕግ ያጠና ዐቃቤ ሕግ ፊት ቆሞ ፍትሕ አገኘ ሊባል አይችልም።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማርች 18 ቀን 1963 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ለጊዲዮን ወሰኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በከባድ ወንጀል የተከሰሰና ጠበቃ መቅጠር ያልቻለ ሰው ሁሉ ግዛቱ ጠበቃ ሊያቆምለት ግድ ሆነ። ውሳኔው ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ አልቀረም። ፍሎሪዳ በጥቂት ወራት ውስጥ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች ሥርዓት አቋቋመች፤ ያለ ጠበቃ የተፈረደባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ እስረኞችም ተለቀቁ። ጊዲዮን ራሱ ኦገስት 5 በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዳኛ ፊት እንደገና ቀረበ። በዚህ ጊዜ አካባቢውን የሚያውቅ ጠበቃ ነበረው። ጠበቃው ዋናውን የዐቃቤ ሕግ ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ያዘው፤ ምናልባት ለሌቦቹ ዘብ ቆሞ የነበረው ይኸው ምስክር ራሱ እንዳይሆን ዳኝነት የተቀመጡት ነዋሪዎች እንዲጠራጠሩ አደረገ። እነሱም አንድ ሰዓት ያህል ተማክረው ነፃ ነው አሉ። በሁለቱ ችሎቶች መካከል ክሱ ያው፣ ዳኛውም ያው ነበሩ። የተለወጠው አንድ ነገር፣ ከተከሳሹ ጎን የተቀመጠው ጠበቃ ነው።

በዚያው የማርች ወር፣ ውሳኔው በተሰጠ በሦስተኛው ቀን፣ የኩፍኝ ክትባት በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። እንዲህ ያለው ዜና የዓመት መዝገብ ውስጥ ሲገባ አንድ መስመር ይበቃዋል፤ ለእኔ ግን ከዓመቱ ትልልቅ ክስተቶች አንዱ ነው። ከዚያ በፊት በአሜሪካ በየዓመቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ሰው ኩፍኝ ይይዘው ነበር፤ ከ400 እስከ 500 ሰው ይሞታል፣ ከነዚህም አብዛኞቹ ሕፃናት ናቸው። ክትባቱን ለዚህ ያደረሱት ጆን ኤንደርስና ባልደረቦቻቸው ቫይረሱን ቦስተን አቅራቢያ ከታመመ ተማሪ ወስደው ለዓመታት በቤተ ሙከራ ሲያለዝቡት የቆዩ ናቸው። በዚሁ ወር ፊላዴልፊያ አጠገብ የምትኖር አንዲት የ5 ዓመት ልጅ ጆሮ ደግፍ ያዛት። አባቷ ሞሪስ ሂልማን በሜርክ የመድኃኒት ኩባንያ የክትባት ተመራማሪ ነበሩ። ልጃቸውን አስተኝተው በሌሊት ወደ ቤተ ሙከራቸው ነዱ፣ የናሙና መውሰጃ ይዘው ተመለሱ፣ ከጉሮሮዋም ወሰዱ። ከዚያ ናሙና የተዘጋጀው የጆሮ ደግፍ ክትባት በ1967 ፈቃድ አገኘ፤ ዘሩ እስከ ዛሬ በልጅቷ ስም ይጠራል። በ1963 ዳላስ ላይ የሆነውን የማያውቅ ልጅ ዛሬ ብዙ አለ፤ በዚያ ዓመት የተገኘው ክትባት ክንዱ ላይ ያላረፈ ግን ጥቂት ነው።

ከኤፕሪል ጀምሮ የዓመቱ ክብደት ወደ በርሚንግሃም፣ አላባማ ይዞራል። የብረት ማቅለጫ ከተማ ነበረች፤ በጥቁሮች ቤትና ቤተ ክርስቲያን ላይ ቦምብ ይጣላል፣ የጣለው ግን አይያዝም። የዚያች ከተማ ቄስ ፍሬድ ሻትልስዎርዝ ማርቲን ሉተር ኪንግን ጠርተው ኤፕሪል 3 ሰልፉ ተጀመረ። ዘዴው ሁለት ነበር፤ ጥቁር በማይስተናገድበት የምሳ ባንኮኒ ሄዶ መቀመጥና ከፋሲካ በፊት ባለው የገበያ ወቅት ከነጭ ሱቆች አለመግዛት። የሱቆቹን ነገር በቅርብ ማየት ይገባል። አንዲት ጥቁር ሴት ገንዘቧን ከፍላ ቀሚስ መግዛት ትችላለች፤ ገዝታው ከመሄዷ በፊት መለካት ግን ተከልክላለች። ገንዘቧን የተቀበለው ባለሱቅ ለራሷም ሆነ ለልጇ አንድ ብርጭቆ ውሃ ባንኮኒ ላይ አያቀርብላትም። አድማው የተመታው በዚህ ላይ ነው።

ዶ/ር ኪንግ ኤፕሪል 12፣ በስቅለት ዓርብ፣ ታሰሩ። ስምንት ነጭ የሃይማኖት አባቶች ሰልፉ ጊዜውን ያልጠበቀ ነው ሲሉ ያወጡትን መግለጫ እስር ቤት ውስጥ በጋዜጣ አነበቡትና በጋዜጣው ኅዳግ ላይ መልስ መጻፍ ጀመሩ። ከበርሚንግሃም እስር ቤት የተላከ ደብዳቤ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ነው። ሆኖም ደብዳቤው በዚያ ሰሞን ብዙ አንባቢ አላገኘም፤ ሰልፉም እየቀዘቀዘ ሄደ። የዋስትና ገንዘብ አለቀ። ጎልማሶቹ ከታሰሩ ከሥራ ይባረራሉ፣ ከሥራ ከተባረሩ የቤት ኪራይ አይከፈልም፤ ስለዚህ ወደ ሰልፉ የሚመጣው ሰው ቁጥር ቀነሰ።

ጄምስ ቤቭል የተባለ ወጣት አስተባባሪ በዚህ ጊዜ ተማሪዎቹ ይውጡ አለ። ልጅ ሥራ የለውም፤ ስለዚህ አይባረርም። ሐሳቡ ከባድ ነበር፤ ዶ/ር ኪንግም ወዲያው አልተቀበሉትም፤ ዛሬም ቢሆን ልጆችን ከፖሊስ ፊት ማሰለፍ ትክክል ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ተገቢ ጥያቄ ይጠይቃል። ልጆቹ ግን አላመነቱም። ሜይ 2 ቀን ከ16ኛው ጎዳና ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ተራ በተራ እየዘመሩ ወጡ፤ በመቶዎች ታሰሩ። የፖሊስ መኪና አልበቃ ብሎ በተማሪ አውቶቡስ ተጫኑ፤ እስር ቤቱ ሞልቶም የባዛር ሜዳ ላይ ታጎሩ። በማግስቱ የከተማይቱ የፀጥታ ኃላፊ ቡል ኮነር እስር ቤት ቦታ ስለጠበበው በሌላ መንገድ መጣ፤ የእሳት አደጋ ቧንቧ አስከፈተ፣ ውሾች አስለቀቀ። የውሃው ግፊት ልጆችን አስፋልት ላይ ያንከባልል ነበር። ፎቶግራፎቹ በማግስቱ በዓለም ጋዜጦች የፊት ገጽ ላይ ወጡ።

ነጋዴዎቹ ሜይ 10 ተስማሙ፦ ባንኮኒው፣ መጸዳጃው፣ የመጠጥ ውሃውና የልብስ መለኪያ ክፍሉ ለሁሉም ይከፈታል፣ ጥቁር ሻጮችም ይቀጠራሉ። የበርሚንግሃም ልጆች የከፈቱት በር ግን ከከተማዋ ሰፋ። ፎቶግራፎቹ የደረሱት አሜሪካ ከሶቪየት ኅብረት ጋር አዲስ ነፃ በወጡ አገሮች ወዳጅነት በምትሽቀዳደምበት ጊዜ ነው። ከስምምነቱ ሁለት ሳምንት በኋላ የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። በዚያ ጉባኤ የዩጋንዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ሚልተን ኦቦቴ ለኬኔዲ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ በበርሚንግሃም ውሃ የሚረጭባቸውና ውሻ የሚለቀቅባቸው ሰዎች የእኛው የሥጋ ዘመዶች ናቸው አሉ። ጉባኤውም በአሜሪካ ያለው የዘር መድልዎ እንዳሳሰበው የሚገልጽ ውሳኔ አሳለፈ። ይህን የማነሳው የእኛ ከተማ ስም ስለተጠራ አይደለም። ሜይ ላይ የሕግ ረቂቅ ስለማቅረብ ገና ያመነታ የነበረው ዋይት ሐውስ፣ ከውስጥ በልጆቹ፣ ከውጭም በአዳዲሶቹ መንግሥታት መያዙን ስለሚያሳይ ነው።

ከዚያ የጁን ወር መጣ፤ በዚያ ዓመት ሦስት ቀን እንደ ጁን 10፣ 11 እና 12 የተጫነበት የለም። ጁን 10 ጠዋት ኬኔዲ በአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የኑክሌር ሙከራን ስለማቆም ተናገሩ፤ ንግግሩ ኦገስት ላይ ሞስኮ ለተፈረመው ስምምነት መንገድ ጠረገ። በዚያው ዕለት ለእኩል ሥራ ለሴቶች እኩል ክፍያ እንዲሰጥ የሚያዘውን ሕግ ፈረሙ። ጁን 11 ዋላስ ሁለት ጥቁር ተማሪዎች፣ ቪቪያን ማሎንና ጄምስ ሁድ፣ እንዳይመዘገቡ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ በር ላይ ቆመ። ኬኔዲ የግዛቱን ብሔራዊ ዘብ በፌዴራል ሥር አደረጉት፤ ጄኔራሉ መጥቶ ዞር በሉ ሲለው ዋላስ ዞር አለ። ማታ ፕሬዚዳንቱ በቴሌቪዥን ቀርበው የዘር ጉዳይ የሕሊና ጥያቄ መሆኑን ተናገሩ፤ ሕግ ለኮንግረስ እንደሚያቀርቡም ቃል ገቡ። ንግግሩ በችኮላ የተሰናዳ በመሆኑ መጨረሻው አልተጻፈም ነበር፤ ከራሳቸው ጨምረው ጨረሱት።

በሚሲሲፒ ዋና ከተማ በጃክሰን የሜድጋር ኤቨርስ ባለቤትና ሦስት ልጆች ንግግሩን በቤታቸው ተመለከቱ፤ አባታቸውን ለመጠበቅም እንቅልፍ አልተኙም። ኤቨርስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ የዘመተ ወታደር ነው። ከጦርነቱ ተመልሶ በ1946 ድምፅ ሊሰጥ ሲሄድ የታጠቁ ነጮች መልሰውታል። ከዚያ በኋላ የጥቁሮች መብት ማኅበር የሚሲሲፒ ሠራተኛ ሆኖ ግድያዎችን ይመረምር፣ መራጭ ያስመዘግብ ነበር። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ቤቱ ደርሶ ከመኪናው ወረደ። የዘር መለያየት ሥርዓት ይብቃ የሚል የታተመባቸው ካናቴራዎች በእጁ ይዞ ነበር። ከጀርባው ተመትቶ በበሩ ደጃፍ ወደቀ፤ ዕድሜው 37 ነበር። ተኳሹ ባይረን ዴ ላ ቤክዊዝ በ1964 ሁለት ጊዜ ለፍርድ ቢቀርብም ሁሉም ነጭ ወንዶች የነበሩበት የፍርድ ሸንጎ ሁለት ጊዜ መስማማት አቃተው። የተፈረደበት በ1994 ነው።

ኤቨርስ ጁን 19 በአርሊንግተን የወታደሮች መካነ መቃብር በወታደራዊ ክብር ተቀበረ። በዚያው ዕለት ኬኔዲ የሲቪል መብቶች ረቂቅ ሕጉን ለኮንግረስ ላኩ። እንግዲህ ይህ ሕግ የማን ሞት ነው ያለበት ተብሎ ከተጠየቀ፣ የመጀመሪያው ስም የኤቨርስ ነው። ሕጉ በመጨረሻ የተፈረመው ጁላይ 2 ቀን 1964 ሲሆን፣ ቀኑ ኤቨርስ በሕይወት ቢኖር 39ኛ ልደቱ ነበር።

በኦገስት መጀመሪያ በዋይት ሐውስ ቤተሰብ ውስጥ ሐዘን ገባ። ጃክሊን ኬኔዲ ኦገስት 7 ከወሯ አምስት ሳምንት ተኩል ቀድማ ወንድ ልጅ ወለደች። ፓትሪክ የተባለው ሕፃን ክብደቱ 2.1 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ሳንባው ግን አየር ይዞ እንዲቆይ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ገና አላመረተም። በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ግፊቱ ከፍ ባለ የኦክስጅን ክፍል ውስጥ አስገብተው ሊያድኑት ሞከሩ፤ ከ39 ሰዓት በኋላ፣ ኦገስት 9 ጎሕ ሲቀድ፣ አረፈ። የሕመሙን መንስኤ ሜሪ ኤለን ኤቨሪ የተባሉ ሐኪም እዚያው ቦስተን ውስጥ በ1959 አግኝተውት ነበር፤ መድኃኒቱ ግን አልተገኘም። የአገሪቱ አንደኛ ሰው ልጅ በዚህ ሕመም መሞቱ ምርምሩ ትኩረትና ገንዘብ እንዲያገኝ ረዳ። ዛሬ በዚያ ክብደትና በዚያ ጊዜ የሚወለድ ሕፃን ደህና ሆስፒታል ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። በዚያው ኦገስት 9 በኒው ጀርሲ ኒውዋርክ ከተማ ድምፃዊቷ ዊትኒ ሂውስተን ተወለደች። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ማይክል ጆርዳን ደግሞ ፌብሩዋሪ 17 በብሩክሊን ተወልዷል። በዓመቱ አሜሪካ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ተወልደዋል፤ በሕጉ የተለወጠው አገር ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበት የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው።

የኦገስት 28ቱን የዋሽንግተን ሰልፍ ሁሉም ስለሚያውቀው ብዙ አልልበትም። ሰልፉ የዶ/ር ኪንግ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ግን ያሳስበኛል። ሰልፉን የጠሩት በ1941 እንዲሁ ሊሰለፉ ዝተው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የጦር ፋብሪካዎችን ለጥቁር ሠራተኞች እንዲከፍቱ ያስገደዱት የሠራተኛ ማኅበር መሪ ፊሊፕ ራንዶልፍ ናቸው። በሁለት ወር ውስጥ ያዘጋጀው ባያርድ ረስቲን ነው። 250,000 ያህል ሰው ያለ ግጭት መጥቶ ያለ ግጭት ተመለሰ፤ ለዚህም ከአውቶቡስ ማቆሚያ እስከ መጸዳጃ ድረስ ተቆጥሮ ነበር፤ በኒው ዮርክ በጎ ፈቃደኞች 80,000 ሰው የሚያበላ የአይብ ሳንድዊች አዘጋጅተው ላኩ። ስሙም የሥራና የነፃነት ሰልፍ ነበር፤ ሥራ ቀድሞ ነው የተጻፈው። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 1 ዶላር ከ15 ሳንቲም በነበረበት ጊዜ 2 ዶላር ይሁን ብለው ጠየቁ። ይህ ጥያቄ ከዚያን ቀን ትዝታ ወጥቶ ቀርቷል፤ ቢታወስ ሰልፉን በትክክል እንረዳው ነበር።

በሰልፉ ዋዜማ፣ ኦገስት 27፣ ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ አክራ ውስጥ በ95 ዓመታቸው አረፉ። የተወለዱት ከባርነት መወገድ ጥቂት ዓመት በኋላ በ1868 ነው፤ በ1909 የጥቁሮችን መብት ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። በእርጅናቸው ከአገራቸው መንግሥት ጋር ተጣልተው ወደ ጋና ሄዱ፣ የጋናም ዜጋ ሆኑ። የሞታቸውን ዜና ለተሰለፈው ሕዝብ ከመድረኩ የነገረው የዚሁ ማኅበር መሪ ሮይ ዊልኪንስ ነው። ሕዝቡም ዝም ብሎ አሰባቸው።

በሴፕቴምበር መጀመሪያ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ሲቢኤስና ኤንቢሲ የማታ ዜናቸውን ከ15 ደቂቃ ወደ 30 ደቂቃ አሳደጉ። የጃክሰንንና የበርሚንግሃምን ነገር በየቤቱ ለማድረስ ጊዜ ተገኘ። ሴፕቴምበር 15 እሑድ ጠዋት በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር 10፡22 ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር አዲስ ዓመት በገባ በአራተኛው ቀን፣ ተማሪዎቹ ከወጡበት ከዚያው የ16ኛው ጎዳና ቤተ ክርስቲያን ሥር የተቀበረ ዲናሚት ፈነዳ። ለወጣቶች አገልግሎት በምድር ቤቱ መልበሻ ይዘጋጁ የነበሩ አራት ልጃገረዶች ሞቱ፤ አዲ ሜይ ኮሊንስ፣ ሲንቲያ ዌስሊና ካሮል ሮበርትሰን 14 ዓመታቸው ነበር፣ ዴኒስ ማክኔር 11። የአዲ ሜይ እህት ሣራ ተርፋ አንድ ዓይኗን አጣች። በዚያው ቀን በከተማዋ ሁለት ጥቁር ወንዶች ልጆች፣ የ16 ዓመቱ ጆኒ ሮቢንሰንና የ13 ዓመቱ ቨርጂል ዌር፣ በጥይት ተገድለዋል፤ እነሱን የሚያስታውስ ግን ትንሽ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን በቦምብ ካፈነዱት የመጀመሪያው በ1977፣ ሌሎቹ ሁለቱ በ2001 እና በ2002 ተፈረደባቸው። የዘገየው ማስረጃ በመጥፋቱ ብቻ አልነበረም፤ የፌዴራሉ ምርመራ ቢሮ በ1968 መዝገቡን ያለ ክስ ዘግቶት ነበር።

ፍንዳታው በኮንግረስ ውስጥ የሠራውን ሥራ ማየት ለክርክሬ ወሳኝ ነው። ረቂቁ የተያዘው በተወካዮች ምክር ቤት የሕግ ጉዳዮች ኮሚቴ ሲሆን፣ ሰብሳቢው የብሩክሊኑ ኢማኑኤል ሴለር ነበሩ። ከበርሚንግሃም ፍንዳታ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ረቂቁ ጠነከረ፤ ኬኔዲ በላኩት ውስጥ ያልነበረ፣ በቅጥር ላይ የሚደረግን መድልዎ የሚከለክል ምዕራፍ ገባበት። ኮሚቴው ኦክቶበር 29 አጸደቀው። ኖቬምበር 20 ወደሚቀጥለው ኮሚቴ ተላለፈ። ሰብሳቢው የቨርጂኒያው ሃዋርድ ስሚዝ ሕጉን ለማዘግየት የቆረጡ ሰው ነበሩ። ኬኔዲ የሞቱት ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ከዚያ ሞት ቀደም ብሎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኦክቶበር 1 ለይፋ ጉብኝት ዋሽንግተን ገብተው በኬኔዲ አቀባበል ተደርጎላቸው ነበር፤ ኦክቶበር 4 ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ስለ ዘር እኩልነት ተናገሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ኖቬምበር 25 ተመልሰው፣ ከፈረንሳዩ ደ ጎል ጎን የኬኔዲን አስከሬን በእግር አጀቡ። ከዚያ በፊት ኖቬምበር 24 ተጠርጣሪው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ በቀጥታ ስርጭት ፊት ተገድሎ፣ አገሪቱ በችሎት ልትሰማው የሚገባትን ሳትሰማ ቀርታለች።

ሊንደን ጆንሰን ኖቬምበር 27 ኮንግረስ ፊት ቆመው ለኬኔዲ ከሁሉ የሚበልጠው መታሰቢያ ይህን ሕግ ማጽደቅ ነው አሉ። ሞቱ ለሕጉ ኃይል አልሰጠውም ብል እዋሻለሁ፤ ሰጥቶታል። የጆንሰን የኮንግረስ ዕውቀትና ጉትጎታም ከሞቱ የማይተናነስ ኃይል ነበር። በሴኔት ተቃዋሚዎቹ ንግግር እያስረዘሙ ሕጉን ለማስቀረት ሲሞክሩ፣ ጁን 10 ቀን 1964 በ71 ለ29 ድምፅ ክርክሩ እንዲዘጋ ተወሰነ። ነገር ግን ሞት የሌለን ሕግ አያጸድቅም። ለድምፅ የቀረበው ረቂቅ የመጣው በሜይ ከወጡት ልጆች፣ በጁን ከወደቀው ኤቨርስ፣ በሴፕቴምበር ከተቀበሩት ልጃገረዶች ነው። ኬኔዲ ጃንዋሪ ላይ ቢሞቱ ኖሮ ጆንሰን በስማቸው የሚያጸድቁት እንዲህ ያለ ረቂቅ አያገኙም ነበር።

በዚያው በ1963፣ ጁላይ 23፣ ኬኔዲ ለኮንግረስ የላኩት ሌላ ሐሳብም ነበር፤ በዓመቱ መዝገብ ውስጥ እምብዛም አይገባም። ከ1924 ጀምሮ የአሜሪካ የስደት ሕግ ለእያንዳንዱ አገር ኮታ ያስቀምጥ ነበር፤ ለብሪታንያ በዓመት ከ65,000 በላይ፣ ለኢትዮጵያ 100። ኬኔዲ ይህ በትውልድ አገር የሚደረግ ክፍፍል እንዲቀር ጠየቁ። ኢማኑኤል ሴለር የ1924ቱን ሕግ ገና በአዲስ ተወካይነታቸው የተቃወሙ ስለነበሩ ጉዳዩ የቆየ ሙግታቸው ነበር፤ ከሴናተር ፊሊፕ ሃርት ጋር ሆነው ረቂቁን ገፉበት፣ ጆንሰንም ኦክቶበር 3 ቀን 1965 በነፃነት ሐውልት ሥር ፈረሙት። ሕጉ በ1968 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል የኢትዮጵያ 100 ኮታ ተሻረ፤ ለማንኛውም የአፍሪካ፣ የእስያና የአውሮፓ አገር በዓመት እስከ 20,000 የሚደርስ አንድ ጣሪያ ተደረገ፣ ለቤተሰብና ለሙያም ቅድሚያ ተሰጠ። በ1980 የስደተኞች ሕግ ወጣ፤ በ1990 ደግሞ ዛሬ ዲቪ የምንለው ዕጣ በዚሁ ሕግ ላይ ተጨመረ።